የቅሬና የሰፈር ቴሌግራም ግሩፕ ወግ እንዲይዝ፦ ደረጃ በደረጃ

ከደሴ ሰፈሮች ከሆጤም፣ ከሰኞ ገበያም፣ እንዲሁም ከኮምቦልቻ ስለ ቅሬ (በወሎ እድር የሚጠራበት ስም ነው) ግሩፕ የሚደርሰኝ ጥያቄ አንድ ነው። «ግሩፑ ውስጥ ሰው ሞልቷል፤ ግን የለቅሶ መልእክት አይታይም፤ የተነጋገርንበት ነገርም ተመልሶ አይገኝም። ምን እናድርግ?» ለእያንዳንዱ ሰው ለብቻ ከመመለስ በአንድ ቦታ ልጻፈው ብዬ ነው።

ችግሩ የሰው ወሬ መብዛት አይደለም። ሰው መጨዋወቱ ጥሩ ነው። ችግሩ ሦስት የተለያዩ ነገሮች አንድ ቦታ ላይ መውረዳቸው ነው፤ ሁሉም ሰው የግድ ማየት ያለበት ማስታወቂያ፣ ሰው የሚከራከርበት ጉዳይ፣ እና ለዓመታት መቀመጥ ያለበት ሰነድ። ከዚህ በታች ያለው ሥራ በሙሉ እነዚህን ሦስቱን መለየት ነው።

መመሪያው ለቅሬ ተብሎ ተጻፈ እንጂ ለወላጆች ኮሚቴ፣ ለኮንዶሚኒየም ነዋሪዎች ማኅበርም ሆነ ለሰፈር ወጣቶች ይሠራል።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

- አዲሱ የቴሌግራም ስሪት የተጫነበት ስልክ። መጀመሪያ አፕዴት አድርጉ። የቆየ ስሪት ላይ ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው አንዳንድ ምርጫዎች አይታዩም።
- ሦስት አድሚኖች። አንዱ የቅሬው ጸሐፊ ቢሆን ይመረጣል።
- የቅሬው መተዳደሪያ ደንብና የቅርብ ጊዜ ቃለ ጉባኤዎች፣ በወረቀትም ቢሆን።
- አንድ ደብተር። የአድሚኖች ተራ፣ ስልክ የሌላቸው አባላት ስምና የጎረቤታቸው ስልክ የሚጻፍበት።
- ዋይፋይ ያለበት ቦታ፣ ሰነድ ለምትጭኑበት ቀን ብቻ።

1. ስልክ ከመንካታችሁ በፊት ከቅሬው ዳኛ (ከመሪው) እና ከጸሐፊው ጋር ተስማሙ

ሁለት ነገር ይወሰን። አንደኛ፣ ግሩፑ ላይ የተነገረ ማስታወቂያ እንደ ደረሰ ይቆጠራል ወይ? ሁለተኛ፣ ግሩፑ ላይ የተሰጠ ድምፅ እንደ ውሳኔ ይቆጠራል ወይ? እኔ ለሁለቱም «አይቆጠርም» በሉ ባይ ነኝ። ስልክ የሌለው አባል አለ። ዳታ የማይሞላም አለ። ቅሬ ደግሞ የሚቆጠረው በቤተሰብ እንጂ በስልክ ቁጥር አይደለም። ይህ መጀመሪያ ካልተነገረ፣ ኋላ «አልሰማሁም» እና «ቴሌግራም ላይ ተወስኗል» የሚባለው ጭቅጭቅ ይመጣል።

የተስማማችሁትን በሦስት መስመር ጻፉና ለጠቅላላ ጉባኤው አንብቡት። የግሩፑ ሕግ ከወጣቶች ስልክ ሳይሆን ከጉባኤው ሲመጣ ሽማግሌዎቹም ያከብሩታል።

2. አድሚኖችን መድቡ፣ ሥልጣን ለዩ

የግሩፑን ስም ንኩ፤ ከዚያ የእርሳስ ምልክቱን ንኩ። አይፎን ላይ «ኤዲት» ይላል። «አድሚኒስትሬተርስ» ውስጥ ገብታችሁ ሦስቱን ጨምሩ። ለአንዱ ሁሉንም ፍቀዱ። ለሁለቱ መልእክት ማጥፋት፣ ፒን ማድረግ (መልእክትን ከላይ መስቀል) እና አባል ማስገባት ለጊዜው ይበቃቸዋል። አዲስ አድሚን የመሾም ሥልጣን ለሁሉም አትስጡ። አንድ ስልክ ቢጠፋ ወይም ቢሰረቅ ሌባው ግሩፑን በሙሉ እንዳይወስደው ነው።

ግሩፑን የከፈተው ሰው፣ ማለትም ኦውነሩ፣ «ቱ ስቴፕ ቬሪፊኬሽን» የሚባለውን የይለፍ ቃል ዛሬውኑ ያብራ። «ሴቲንግስ» ውስጥ «ፕራይቬሲ ኤንድ ሴኩሪቲ» ላይ ይገኛል። ያለዚህ ግሩፑን ለሌላ ማስተላለፍ አይቻልም። ቴሌግራም ደግሞ የይለፍ ቃሉ ከበራ ቢያንስ 7 ቀን እስኪሞላው ማስተላለፍ አይፈቅድም። ብዙ ጊዜ ግሩፑን የከፈተው ልጅ አረብ አገር ሲሄድ ወይም ሲም ካርድ ሲቀይር ነው ጭንቀቱ የሚመጣው። ቀድማችሁ አዘጋጁት።

አድሚኖቹ ማን ምን እንዳጠፋ ለማየት «ሪሰንት አክሽንስ» አለ። የሚያሳየው ያለፉትን 48 ሰዓታት ብቻ ነው። ስለዚህ «መልእክቴን ማን አጠፋው?» የሚል ቅሬታ ሲመጣ በዚያው ቀን ተመልከቱት።

3. ግሩፑን በቶፒክ ክፈሉት

በዚያው የእርሳስ ምልክት ውስጥ «ቶፒክስ» የሚለውን አብሩ። ግሩፑ እንደ ክፍል ይከፋፈላል፤ እያንዳንዱ አባል የማይፈልገውን ክፍል ድምፁን ማጥፋት ይችላል። አምስት ይበቃል፦

- ማስታወቂያ፦ ለቅሶ፣ ስብሰባ፣ መዋጮ። ቶፒኩን «ክሎዝ» አድርጉት፤ ያኔ የሚጽፉት ቶፒክ የማስተዳደር ሥልጣን የሰጣችኋቸው አድሚኖች ብቻ ናቸው።
- ውይይት፦ አንድ ጉዳይ ተከፍቶ የሚዘጋበት።
- ሰነድ፦ ይህም ክሎዝ ይደረግ።
- መንገድ፣ ውሃ፣ መብራት፦ ከደሴ ኮምቦልቻ የሚወስደው የሐረጎ መንገድ በጉም ሲዘጋ፣ የውሃ ፈረቃ ሲቀየር፣ ክረምት ላይ ዳገቱ ሲናድ።
- ሰላምታና ጨዋታ፦ «ጁምዓ ሙባረክ»፣ «እንኳን አደረሳችሁ»፣ ምርቃትና ፎቶ።

ቴሌግራም «ጄኔራል» የሚባል አንድ ቶፒክ በራሱ ይሠራል፤ ማጥፋት አይቻልም። ስሙን ቀይራችሁ «ሰላምታና ጨዋታ» በሉት። ማስታወቂያ አታድርጉት። ምክንያቱም ቶፒክ ያልለመደ ሰው ዝም ብሎ ሲጽፍ፣ እንዲሁም አዲስ ሰው ሲገባ፣ መልእክቱ የሚወርደው እዚያ ነው። ጨዋታው ጄኔራል ላይ ከሆነ የተሳሳተ መልእክት ማንንም አይጎዳም።

ከዚያ «ፐርሚሽንስ» ውስጥ አባላት ቶፒክ መፍጠር እንዳይችሉ አድርጉ። ካልተዘጋ በወሩ ሃያ ቶፒክ ይሆንና ወደ ድሮው ትመለሳላችሁ።

የሰላምታ ፎቶ የሚልኩትን አትከልክሉ። ወሎ ውስጥ ሰው ሳይመርቅ ወደ ጉዳይ አይገባም፤ የተከለከለ ሽማግሌ ደግሞ ግሩፑን ጥሎ ይወጣል። ቦታ ስጧቸው እንጂ አታፍኗቸው።

⚠ አንድ መልእክት ከአንድ ቶፒክ ወደ ሌላ አይዛወርም። ያለቦታው የወረደውን ወደ ትክክለኛው ቶፒክ ፎርዋርድ አድርጉና ዋናውን አጥፉ። ለላኪውም በውስጥ ንገሩት። በሰው ፊት «እትዬ ያለቦታው ነው የላኩት» ማለት ነውር ነው፤ ዳግመኛ አይጽፉም።

ቶፒክስ የሚለው ምርጫ ካልታያችሁ ሌላ መንገድ አለ። ቻናል ክፈቱና ግሩፑን ከቻናሉ ጋር አያይዙት። ማስታወቂያው ቻናሉ ላይ ይወጣል፤ ራሱ ወደ ግሩፑ ይወርድና ፒን ይሆናል፤ ሰውም ከሥሩ ይወያያል።

4. ማስታወቂያን በአንድ መልክ ጻፉ

ሰው ማስታወቂያ የሚያልፈው ስለሰነፈ አይደለም። ረጅም ሆኖበት፣ ቀኑን ደግሞ ከመሃል መፈለግ ስላለበት ነው። ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ቅርጽ ተጠቀሙ፦

> ስብሰባ፦ የቅሬው ጠቅላላ ጉባኤ
> ቀን፦ እሑድ፣ ጥቅምት 16 ቀን 2018
> ሰዓት፦ ከሰዓት በኋላ 9፡00 በእኛ አቆጣጠር (ስልክ ላይ 3፡00 ፒኤም)
> ቦታ፦ የቅሬው ዕቃ ቤት ግቢ
> የሚወሰነው፦ ወርሃዊ መዋጮ
> መቅረት የሚገደድ፦ ለጸሐፊው እስከ ቅዳሜ ይንገር

ሰዓቱ ሁለቴ የተጻፈው ያለ ምክንያት አይደለም። የስልክ ሰዓት ከእኛ አቆጣጠር በ6 ሰዓት ይለያል። «9 ሰዓት» ተብሎ ስልኩ ላይ 9፡00 የሞላ ሰው በተሳሳተ ሰዓት ይጠራል። መልእክት በቀጠሮ እንዲወጣ ስታዘጋጁ፣ ማለትም «ስኬጁል» ስታደርጉ ደግሞ ይህ ስሕተት ሁሉንም አባል ያሳስታል።

ጉባኤ ዓርብ በጁምዓ ሰላት ሰዓት ወይም እሑድ ጠዋት በቅዳሴ ሰዓት አትጥሩ። የሁላችሁም ቅሬ ነውና።

አስቸኳይ ያልሆነውን ማስታወቂያ የመላኪያውን ቁልፍ ተጭናችሁ ቆዩና «ሴንድ ዊዝአውት ሳውንድ» በሉት። ኮምቦልቻ ፋብሪካ በሌሊት ፈረቃ የሚሠራ አባል ቀን ላይ ነው የሚተኛው። በየደቂቃው የሚጮህ ግሩፕ ድምፁ ይጠፋል፤ ድምፁ የጠፋበት ሰው ደግሞ ለቅሶ ሲመጣም አይሰማም። ድምፅ ለለቅሶና ለአደጋ ይቆይ።

ፒን የሚደረገው ያላለፈ ጉዳይ ብቻ ነው። ስብሰባው እንዳለቀ ፒኑን አንሱት። የአምና ማስታወቂያ ፒን ላይ ከተቀመጠ ሰው ፒን ማየት ያቆማል።

5. ውይይት ክፈቱ፣ ምሩ፣ ዝጉ

ብዙ ግሩፕ የሚበላሸው እዚህ ላይ ስለሆነ ትንሽ ልቆይበት።

ሀ. ጥያቄው የሚመለስ ይሁን። «መዋጮን በተመለከተ ሐሳብ ስጡ» ብትሉ ሰው ስለ ድንኳን፣ ስለ ወንበር፣ ስለ አምናው ገንዘብ ያዥ ሁሉ ያወራል። እንዲህ ይሁን፦ «ወርሃዊ መዋጮው ከ50 ብር ወደ 80 ብር ይደግ ወይስ ባለበት ይቆይ? ምክንያቱ የድንኳኑ ሸራ መቀደዱ ነው። እስከ ቅዳሜ ማታ 2 ሰዓት ሐሳብ እንሰበስባለን፤ እሑድ ጉባኤው ይወስናል።» ጥያቄ አለው፣ ምክንያት አለው፣ ማብቂያ አለው። ማብቂያ የሌለው ውይይት የሚያልቀው አንዱ ሲቆጣ ነው።

ለ. በአንድ ጊዜ አንድ ጉዳይ። ሁለተኛው የመጀመሪያው እስኪዘጋ ይጠብቅ።

ሐ. ሰው በ«ሪፕላይ» እንዲመልስ አስለምዱ። መልእክቱን ወደ ግራ ጎተት ማድረግ ነው። «ትክክል ብለሃል» ተብሎ ባዶውን ሲጻፍ ለማን እንደሆነ አይታወቅም፤ ከሥር ያለው ሰው ለእኔ ነው ብሎ ይቀየማል። ግማሹ ጠብ ከዚህ ነው የሚነሣው።

መ. ሲጋጋል «ስሎው ሞድ» አብሩ። «ፐርሚሽንስ» ውስጥ አለ። 1 ደቂቃ ወይም 5 ደቂቃ ብትሉት አንድ ሰው ደግሞ ለመጻፍ ያን ያህል መጠበቅ አለበት። ሰው አይታፈንም፣ ግን ትንፋሽ ያገኛል። የሚሠራው በሁሉም ቶፒክ ላይ ስለሆነ ነገሩ ሲበርድ አጥፉት። አድሚኖችን አይመለከትም፤ ስለዚህ አድሚኖች በዚያ ሰዓት ራሳችሁን ግቱ። አባሉ እየጠበቀ አድሚኑ አሥር መልእክት ቢደረድር አድልዎ ነው።

ሠ. ድምፅን በዓይነቱ ለዩ። «ፖል»፣ ማለትም የድምፅ መስጫ ስትሠሩ ስም የማይታይበትና የሚታይበት አለ። ስለ ገንዘብ ሲሆን ስም አይታይ። ይሉኝታ ስላለ ማንም በጎረቤቱ ፊት «80 ብር ይከብደኛል» አይልም። ድንኳን ለመትከል ማን ይመጣል የሚለው ግን ስም ይታይ፤ ማን እንደሚጠበቅ መታወቅ አለበት። ከመላካችሁ በፊት ጥያቄውንና አማራጮቹን ለሌላ አድሚን አስነብቡ። ሰው ድምፅ መስጠት ከጀመረ በኋላ ማረም ሁሉንም ከአዲስ ማስጀመር ነው።

ከአንድ ቤት ሦስት ስልክ ካለ ሦስት ድምፅ ይወጣል። ስለዚህ ፖሉ የሰውን ዝንባሌ ማያ ነው እንጂ የቅሬ ድምፅ አይደለም። ይህን ፖሉ ሥር ጻፉት።

ሪያድና ጅዳ ያሉ አባላት ሰዓታቸው ከእኛ ጋር እኩል ነው፤ ዱባይ ያሉት በ1 ሰዓት ይቀድማሉ። ሰዓቱ አያስቸግርም፤ የሚያስቸግረው የዕረፍት ቀናቸው ነው። ፖሉን ቢያንስ አንድ ዓርብና አንድ እሑድ እንዲያካትት አቆዩት።

ረ. ዝጉት። ማብቂያው ሲደርስ አንድ አድሚን አራት መስመር ይጻፍ፦ የተነሣው፣ የተስማማንበት፣ ያልተስማማንበት፣ ማን ምን ይሠራል። ያልተስማማችሁበትን አትደብቁ። ሐሳቡ ተቀባይነት ያላገኘለት ሰው ቢያንስ መሰማቱን ሲያይ በሚቀጥለውም ይሳተፋል። ይህን ማጠቃለያ ወደ «ሰነድ» ፎርዋርድ አድርጉት።

6. ሰነድና ፎቶ ስታጋሩ

በፓወር ግዕዝ የተጻፈ የወርድ ፋይል እንዳለ አትላኩ። ብዙ የቅሬ ደንብ በየጽሕፈት ቤቱ በድሮው ፊደል የተተየበ ነው። ስልክ ላይ ሲከፈት የተዘበራረቀ የላቲን ፊደል ይሆናል። የጻፈላችሁን ልጅ ወደ ፒዲኤፍ ቀይሮ እንዲሰጣችሁ ንገሩት። ፒዲኤፍ ፊደሉን ይዞ ይሄዳል።

ወረቀት ፎቶ ስታነሡ መስኮት አጠገብ አድርጉ፤ የራሳችሁ ጥላ አይውደቅበት፤ አራቱም ጠርዝ ይታይ። ስትልኩ እንደ ፎቶ ሳይሆን እንደ «ፋይል» ላኩት። እንደ ፎቶ ከተላከ ቴሌግራም ይጨምቀውና ማኅተሙና ፊርማው ይደበዝዛል። የመጠን ነገር አያስጨንቃችሁ፤ አንድ ፋይል እስከ 2 ጊጋባይት ይፈቀዳል። የሚያስጨንቀው የአባሉ ዳታ ነው። ስለዚህ ከሥሩ «ደንብ፣ 12 ገጽ» ብላችሁ ጻፉ፤ ያላስፈለገው አያወርደውም።

የፋይሉን ስም ከዓመተ ምሕረቱ ጀምሩ፦ «2018-02-ጥቅምት-ቃለ-ጉባኤ»። ዓመት፣ የወር ተራ፣ የወር ስም፣ ምንነት። የወሩ ስም መጻፍ አለበት፤ ምክንያቱም 02 ብቻ ከተባለ አንዱ ጥቅምት፣ ሌላው ፌብሩዋሪ ይለዋል። ጳጉሜን 13 ናት። «አይ ኤም ጂ 4471» የሚል ፋይል ከዓመት በኋላ ማንም አያገኘውም።

ሃሽታግ (በ# የሚጀምር መፈለጊያ ቃል) ስጡት፣ ግን በአንድ ሆሄ። ይህን ብዙ ሰው አያስተውለውም። ለስልኩ «ሥራ» እና «ስራ» ሁለት የተለያዩ ቃላት ናቸው። «ሐዘን» ብሎ የፈለገ ሰው «ሀዘን» ተብሎ የተጻፈውን ላያገኝ ይችላል። «ጸሐፊ» እና «ፀሐፊ»ም እንደዚያው። አሥር ሃሽታግ ምረጡ፣ አጻጻፉን ወስኑ፣ ዝርዝሩን «ሰነድ» ላይ ፒን አድርጉ። ሰው ሃሽታጉን ከመጻፍ ይልቅ ከዚያ ይንካው። ቃላቱን በክፍት ቦታ አትለዩ፤ «#ቃለ_ጉባኤ» እንጂ «#ቃለ ጉባኤ» ከሆነ የሚይዘው የመጀመሪያውን ቃል ብቻ ነው።

የድምፅ መልእክት ይፈቀድ። ማንበብ ለሚከብዳቸው እናቶችና አባቶች ይህ ብቸኛው መግቢያ በር ነው። ግን ከአንድ ደቂቃ አይለፍ፤ ከሥሩም አንድ ሰው ጉዳዩን በአንድ መስመር ይጻፍ። የተጻፈ ነገር ኋላ ተፈልጎ ይገኛል፤ ድምፅ አይገኝም።

ለአባላቱ ደግሞ ይህን አስተምሯቸው፦ «ዳታ ኤንድ ስቶሬጅ» ውስጥ ገብተው በሞባይል ዳታ በራሱ የሚያወርደውን ያጥፉ። ስልኩ ሲሞላ «ክሊር ካሽ» ይበሉ። ከስልኩ እንጂ ከግሩፑ አይጠፋም፤ ሲፈለግ እንደገና ይወርዳል። ብዙ ሰው ይህን ሳያውቅ ስልኬ ሞላ ብሎ ግሩፑን ይለቃል።

7. በሩን ጠብቁ

መግቢያ ሊንኩን ስትሠሩ «ሪክዌስት አድሚን አፕሩቫል» የሚለውን አብሩ። የሚገባው ሰው መጀመሪያ ይጠይቃል፤ የማን ቤት ሰው እንደሆነ አረጋግጣችሁ ታስገባላችሁ።

⚠ የገንዘብ ያዡን ስምና ፎቶ ገልብጦ አባላትን በውስጥ መስመር «መዋጮህን በዚህ ቴሌብር ላክ» የሚል አጭበርባሪ አለ። መፍትሔው አንድ ሕግ ነው። የመክፈያ ቁጥር የሚገኘው «ማስታወቂያ» ላይ ፒን ከተደረገው ብቻ ነው፤ በውስጥ መስመር ገንዘብ የሚጠይቅ ሁሉ ውሸቱን ነው። ይህን በድምፅም በጽሑፍም ደጋግሙት።

⚠ የአባላት ስም ዝርዝር ከነስልክ ቁጥሩ፣ የመታወቂያ ፎቶ፣ የታመመ ሰው የሐኪም ወረቀት ግሩፑ ላይ አይለጠፍ። የለቅሶ ቤት ፎቶም ባለቤቶቹ ሳይፈቅዱ አይውጣ። አባላትም በ«ፕራይቬሲ» ውስጥ ስልክ ቁጥራቸውን ከማያውቁት ሰው ይደብቁ።

⚠ ምንጩ ያልታወቀ የግጭት ወሬና ብሔር ወይም ሃይማኖት የሚነካ ነገር ወዲያው ይጥፋ። የጥላቻ ንግግርና የሐሰተኛ መረጃ አዋጅ ቁጥር 1185/2012 በቴሌግራም የሚሰራጨውንም ይመለከታል። ከሕጉ በፊት ግን በአንድ ድንኳን ሥር ለቅሶ የሚቀመጥ ሰው ነው የሚለያየው።

8. ስልክ የሌለውን አትርሱ

ኔትወርክ የሚጠፋበት ቀን አለ። ስለዚህ ለፋፊው ይቀጥል። ለቅሶ ሲሆን መጀመሪያ ጡሩንባው፣ ቀጥሎ ቴሌግራሙ። በየመንደሩ አንድ ተጠሪ ወጣት መድቡ፤ ደብተሩ ላይ ያሉትን ስልክ የሌላቸውን አባላት ቤት ለቤት የሚነግር። የስብሰባ ማስታወቂያም ታትሞ ዕቃ ቤቱ በር ላይ ይለጠፍ፤ ከግሩፑ ጋር ቃል በቃል አንድ ይሁን።

ደጋግሜ የማያቸው ስሕተቶች

- በአንድ ቀን ሁሉንም መቀየር። መጀመሪያ «ማስታወቂያ»ን ብቻ ለዩ፤ ሰው ሲለምድ የቀረውን።
- አድሚንነትን እንደ ክብር ለሁሉም ማደል። ለሽማግሌ ክብር ሌላ መንገድ አለ።
- ያለማስጠንቀቂያ ሰው ማስወጣት። ሁለት ጊዜ በውስጥ ንገሩት፤ ሦስተኛው ላይ ለዳኛው ይቅረብ። ቅሬ ውስጥ ሰው ማስወጣት የአንድ ልጅ ጣት ጉዳይ መሆን የለበትም።
- ማስታወቂያ በፎቶ ብቻ መልቀቅ። ፎቶ ላይ ያለ ጽሑፍ በፍለጋ አይገኝም። ፎቶ ካለ ጽሑፉም ከሥሩ ይውረድ።
- የሞተ ሰው ስም ላይ በፍጥነት መሳሳት። «ማስታወቂያ» ላይ ከመውጣቱ በፊት ከቤተሰቡ አንድ ሰው ጋር ተደውሎ ሙሉ ስም፣ የሚጠሩበት ስም፣ የቀብር ሰዓትና ቦታ ይረጋገጥ። አምስት ደቂቃ ቢዘገይ ማንም አይጎዳም።